ወደ ቀደመ ዘመን የተጣለ ሰው በልብ ወለዳችን ውስጥ መጀመሪያ ተማሪ ይሁን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣዎ የሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ስለ አማራጭ ታሪክ ልብ ወለድ፣ በተለይም የዘመናችን ሰዎች በድንገት ወደ አንድ ያለፈ ክፍለ ዘመን ተወርውረው መመለሻ ሲያጡ ስለሚተርከው ዘርፍ የወጣውን ትችት በጥሞና አንብቤዋለሁ። የትችቱ ጸሐፊ ይህ ዓይነቱ ድርሰት ከዛሬ ችግር መሸሻ ከመሆን እንደማያልፍና አንባቢውንም «እኔ በዚያ ዘመን ብኖር ኖሮ ከነገሥታት ጋር በተቀመጥሁ» በሚል ከንቱ ምኞት እንደሚያሰንፈው ጽፈዋል። ከታዘቡት ውስጥ እውነት የሆነ ብዙ ነገር አለ። ነገር ግን ጥፋቱን የጣሉት ዘርፉን በችኮላ በሚጽፉት ላይ ሳይሆን በዘርፉ በራሱ ላይ ስለሆነ፣ ዕድሜዬን ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ያሳለፍሁና ከወጣትነቴ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ሳነብ የኖርሁ ሰው እንደመሆኔ መልስ መስጠት ይገባኛል ብዬ ተነሥቻለሁ።

ታሪክ በሌላ መንገድ ቢሄድ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ የዛሬ ሥራ ፈቶች የፈጠሩት ነገር አይደለም። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሊቪዩስ የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ፣ ታላቁ እስክንድር ጦሩን ወደ ሮም አዙሮ ቢሆን ኖሮ ማን ያሸንፍ ነበር ብሎ ጠይቆ፣ የሁለቱን ወገኖች ሠራዊትና አለቆች አመዛዝኖ ድሉ የሮም ይሆን እንደነበር ተከራክሯል። ለሀገሩ ማድላቱ የታወቀ ነው፤ ያነሣው ምክንያት ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። እስክንድር አንድ ሰው ነበር፣ ሮም ግን አንዱ አለቃ ሲወድቅ ሌላው በሚተካበት የሰው ሰንሰለት ላይ የቆመች ነበረች ይላል። ከኋለኛው ዘመን ወደ ቀደመው ስለተጣለ ብቸኛ ሰው የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ ይህን የሊቪዩስን ሐሳብ ከጠረጴዛው ላይ ባያነሣው መልካም ነው።

የዘመናችን ሰው ወደ ኋላ ተወርውሮ የሚቀርበት ድርሰት ከተራው አማራጭ ታሪክ በአንድ ነገር ይለያል። በተራው አማራጭ ታሪክ ነገሩን የሚያጣምመው የአንድ የጦር አለቃ ውሳኔ ወይም የአንድ ንጉሥ ያለጊዜው መሞት ሲሆን፣ በዚህኛው ግን የሚያጣምመው እንደ እኛ ያለ እንግዳ ነው። ስለዚህም ጥያቄው «ያ ዘመን ምን ሊሆን ይችል ነበር?» ከሚለው ይልቅ «እኛ ራሳችን በእርግጥ የምናውቀው ምንድን ነው?» ወደሚለው ያዘነብላል። የዘርፉ ክብር ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ብዙ ደራስያን ግን ጥያቄውን ገና ሳይጠይቁት ያልፉታል፤ ባለታሪካቸው በሁለተኛው ምዕራፍ ባሩድ ይቀምማል፣ በሦስተኛው የእንፋሎት ሞተር ያስነሣል፣ በአራተኛው የንጉሡ ቀኝ እጅ ይሆናል፤ የዘመኑ ሰዎች ሥራ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው መደነቅ ብቻ ይሆናል። እኔ የምለው፣ ወደ ቀደመ ዘመን የተጣለ ሰው ከምንም ነገር በፊት የዚያ ዘመን ሰዎች ተማሪ መሆን አለበት፤ ደራሲው ይህን ካላሳየ ስላለፈው ዘመንም ስለ ዛሬውም የጻፈው ውሸት ይሆናል።

የእንፋሎት ሞተርን እንውሰድ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንፋሎት ኃይል እንዳለው በ1ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ሄሮን ያውቅ ነበር፤ በእንፋሎት የሚሽከረከር ባዶ ሉልም በጽሑፉ ገልጾልናል። ቶማስ ኒውኮመን ከማዕድን ጉድጓድ ውኃ የሚያወጣውን ሞተር የተከለው በ1712 ነው። ጄምስ ዋት እንፋሎቱን ለብቻው በተለየ ዕቃ ውስጥ የማቀዝቀዝ ሐሳብ የመጣለት በ1765፣ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1769 ሲሆን፣ ሞተሮቹ ለሥራ የተተከሉት ግን በ1776 ነው። በመካከል ያሉትን ዓመታት የበላው የሐሳብ እጥረት አልነበረም፤ ፒስተኑ የሚመላለስበትን ትልቅ ሲሊንደር ውስጡን ክብና ቀጥ አድርጎ የሚቦረቡር መጥፋቱ ነበር። ፒስተኑ በአንድ በኩል ሲገጥም በሌላ በኩል ክፍተት ይተዋል፣ እንፋሎቱም በዚያ ያመልጣል። ዋት ክፍተቱን በጨርቅና በቡሽ፣ ባገኘው ነገር ሁሉ ለመድፈን ደክሟል። መፍትሔው የመጣው መድፍ ይቦረቡር ከነበረው ከብረት አቅላጩ ከጆን ዊልኪንሰን ነው። የዋት ሸሪክ ማቲው ቦልተን፣ ዊልኪንሰን የቦረቦረው 50 ኢንች ስፋት ያለው ሲሊንደር ስሕተቱ በየትኛውም ቦታ ከአንድ አሮጌ ሽልንግ ውፍረት እንደማያልፍ በደስታ ጽፏል። ዛሬ በእኛ ሙያ አንድ ወጣት ያን ያህል ስሕተት ያለበት ሥራ ቢያስረክብ ይመለስበታል፤ በዚያን ጊዜ ግን የሰው ልጅ በዚያ መጠን የደረሰበት ትልቁ ልከኝነት ነበር።

እንግዲህ በ1400 አካባቢ ወደ አንድ ከተማ የተጣለ መሐንዲስ የዋትን ሞተር በወረቀት ላይ አሳምሮ ሊሥል ይችላል እንበል። ሥዕሉን የሚመለከት አንድ ብርቱ አንጥረኛ ቢኖር የመጀመሪያ ጥያቄው «ይህን ያህል ትልቅ ሲሊንደር በምን ልቦርቡረው?» የሚል ይሆናል። ሁለተኛው ጥያቄው ብረቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ሦስተኛው ደግሞ ማን እንደሚከፍለው ነው። አንጥረኛው እነዚህን የሚጠይቀው ስላልገባው አይደለም፤ ከመሐንዲሱ ይልቅ ነገሩ ቶሎ ስለገባው ነው። በእኔ አስተያየት የእንዲህ ያለ ታሪክ እውነተኛ ባለታሪክ ያ አንጥረኛ ነው፤ በአብዛኛው መጽሐፍ ውስጥ ግን ስም እንኳ አይሰጠውም።

የብሎንና የዳዶ ነገርም ከዚህ አይለይም። ጥርሱ እኩል የሆነ ብሎን በቶርኖ ለማውጣት፣ ቶርኖው ራሱ ስለቱን የሚመራ ጥርሱ እኩል የሆነ ብሎን በውስጡ ሊኖረው ይገባል። ታዲያ የመጀመሪያው ትክክለኛ ብሎን ከየት መጣ? እንግሊዛዊው ማሽን ሠሪ ሄንሪ ሞድስሌ በ1800 ገደማ ወደዚያ የደረሰው ከአንዱ ወደ ተሻለው፣ ከተሻለው ወደ ይበልጥ የተሻለው ስሕተቱን እየለቀመ ነው። በእርሱ ቤት የሠራው ጆሴፍ ዊትወርዝ ደግሞ በ1841 የብሎን ጥርስ በየቶርኖ ቤቱ እንደተፈቀደ መውጣቱ ቀርቶ በአንድ ልክ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በፊት በአንድ ቶርኖ ቤት የተሠራ ዳዶ በሌላ ቤት በተሠራ ማሽን ላይ ይገጥማል ብሎ የሚጠብቅ ባለሙያ ጥቂት ነበር። ዛሬ አንድ ብሎን ከመሬት ሲነሣ በውስጡ ያለውን የሁለት ትውልድ ድካም የሚያይ ሰው ጥቂት ነው፤ ልብ ወለዱ ሊያሳየን የሚገባው ግን ይህንኑ ነበር።

አንድ ሰው ባዶ እጁን ይዞት ሊሻገር የሚችል ዕውቀት ጨርሶ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ከሙያዬ አንድ ላሳይ። ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነ የብረት ገጽ የማንኛውም ልከኛ ሥራ መነሻ ነው፤ ጠፍጣፋነቱን የሚመዝንበት ሌላ ጠፍጣፋ ነገር የሌለው ሰው ግን ከየት ይጀምራል? መልሱ ሦስት ሰሌዳዎችን መውሰድ ነው። የመጀመሪያው ሰሌዳ በዘይት የተበጠበጠ ቀይ አፈር በስሱ ይቀባል፣ ሁለተኛው ከላዩ ተደርጎ ይታሻል፤ ቀለሙ የነካቸው ቦታዎች ከፍ ያሉት ናቸውና በሹል ብረት ይፋቃሉ። እንዲህ እየተቀባና እየተፋቀ ሁለቱ ከዳር እስከ ዳር ሲገጥሙ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ እንደ ቆብ ጎብጦ ሌላው ጎድጉዶ እርስ በርስ ሊገጥሙ ይችላሉ። ሦስተኛው ሰሌዳ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከጎበጠው ጋር የገጠሙ ሁለት ሰሌዳዎች ሁለቱም ጎድጓዳ ስለሚሆኑ፣ ፊት ለፊት ሲገናኙ ዳር ዳሩን ብቻ ይነካካሉ፣ ስሕተቱም ይጋለጣል። ሦስቱም በየተራ፣ አቅጣጫቸውንም እያዞሩ፣ ከሁለቱ ጋር የሚገጥሙት ሦስቱም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው። ይህን ዘዴ ዊትወርዝ በ1840 ለሕዝብ አብራርቶታል። ማሽን አይፈልግም፣ መለኪያ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ትዕግሥትና ጠንካራ እጅ ነው።

አሁን ይህን ወደ ልብ ወለድ እናምጣው። ከእኛ ዘመን የተጣለ ቶርኖ ሠራተኛ ለአንድ የ15ኛው ክፍለ ዘመን አንጥረኛ የሦስቱን ሰሌዳዎች ምክንያት በምልክትና በተሰባበረ ቋንቋ ሲያስረዳ፣ አንጥረኛው ምክንያቱን በአንድ ቀን ይረዳዋል፤ ለመፋቅ ደግሞ የአንጥረኛው እጅ ከመጤው እጅ ይበልጣል፤ መጤው ብረትን የለመደው በማሽን ኃይል ነውና። በሳምንቱ ማን ማንን እያስተማረ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። እንዲህ ያለ አንድ ምዕራፍ ቢጻፍልኝ ከአሥር የመድፍ ጦርነት ምዕራፎች አስበልጬ አነበዋለሁ።

የወደፊቱን አስቀድሞ ማወቅ የሚባለውም ጉዳይ ከዚህ የተሻለ አያያዝ ይገባዋል። የተጣለው ሰው የትኛው ወገን ጦርነቱን እንደሚያሸንፍ ያውቃል፤ ያንን ለአንዱ አለቃ ነግሮ አለቃው ካመነውና አሰላለፉን ከለወጠ ግን፣ ከዚያ ዕለት በኋላ በጭንቅላቱ የያዘው ታሪክ የማይመጣ ዓለም ታሪክ ይሆናል። ዕውቀቱ በተጠቀመበት ቁጥር የሚጎድል ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ባለታሪኩ እንደ ማንኛውም የዘመኑ ሰው ነገን ሳያውቅ የሚያድር ሰው ይሆናል፤ እውነተኛው ታሪክም በዚያን ጊዜ ይጀምራል። ዕለቱን እንኳ ማወቅ ቀላል አይደለም። በ1582 የጎርጎርዮስ የቀን አቆጣጠር ሲታወጅ ከጥቅምት 4 በኋላ ያለው ቀን ጥቅምት 15 ተባለ፤ እንግሊዝ ግን ይህን የተቀበለችው በ1752 በመሆኑ፣ በመካከሉ ባሉት 170 ዓመታት በሁለት ጎረቤት አገሮች ሁለት የተለያየ ቀን ይቆጠር ነበር። የጦርነቱን ቀን ከመጽሐፍ ያስታወሰ ጀግና በየትኛው አቆጣጠር እንዳስታወሰው ደራሲው ጠይቆት ያውቃል?

በሕክምና ረገድ ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል፣ ስለዚህም እዚህ ላይ ጥቂት እንድዘገይ ይፈቀድልኝ። አብዛኛው ደራሲ የዘመናችንን ሰው በበሽታ ረገድ ከቀደሙት የጠነከረ አድርጎ ይሥለዋል። እውነታው በአንድ ትልቅ ነገር ተቃራኒ ነው። ፈንጣጣ ከምድረ ገጽ መጥፋቱን የዓለም ጤና ድርጅት ያወጀው በ1980 ነው፤ የሕዝብ ክትባቱም በዚያው ሰሞን ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው በ1700 ወደነበረ ከተማ ቢገባ፣ በዙሪያው ያሉት ጎልማሶች በአብዛኛው በልጅነታቸው ከበሽታው የተረፉ፣ ፊታቸው ላይም ጠባሳውን የያዙ ሲሆኑ፣ እርሱ ብቻ ምንም መከላከያ የሌለው ይሆናል። ያ ጠባሳ የጥንካሬያቸው ምስክር ነው፤ የመጤው ልስልስ ፊት ደግሞ የሚጠብቀውን አደጋ ያሳያል። በሌላ በኩል መጤው ራሱ ለአገሬው አዲስ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። በ1520 ፈንጣጣ ከባሕር ማዶ ወደ ሜክሲኮ ገብቶ የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ሲያጠቃ ንጉሡ ኩይትላዋክ ሳይቀር በዚያው በሽታ ሞቷል። በጎ አሳቢ የሆነ እንግዳ ገና አንድ ቃል ሳይናገር በትንፋሹ ብቻ የሚያደርሰው ጥፋት ስንት ጊዜ ተጽፎ አይተናል?

ትክክለኛውን ነገር ማወቅ ደግሞ ለመታመን አይበቃም። ኢግናዝ ዜመልቫይስ በ1847 በቪየና የወሊድ ክፍል ውስጥ፣ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ወላዶች የሚመጡ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ አደረገ፤ በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች ቁጥር ከመቶ 10 በላይ ከነበረበት ወደ 2 ገደማ ወረደ። ሆኖም ባልደረቦቹን በአብዛኛው ማሳመን ሳይችል በ1865 በአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ውስጥ ሞተ። ይህ ሰው የዘመኑ ሰው ነበር፤ በዘመኑ ቋንቋ የሚናገር፣ በዘመኑ ትምህርት ቤት የተመረቀ፣ ማስረጃውን በቁጥር የያዘ ሐኪም ነበር። እርሱ ያልታመነበትን ነገር አነጋገሩ የማይገባ፣ ዘመድ የሌለው፣ ከየት እንደመጣ ማስረዳት የማይችል መጻተኛ በአንድ ንግግር ያሳምናል ብሎ መጻፍ አንባቢን መናቅ ነው።

ከዚህ ጋር ሌላ እውነተኛ ታሪክ ላስቀምጥ። በ1721 በቦስተን ፈንጣጣ ሲነሣ፣ ከታማሚ ቁስል ጥቂት ወስዶ በጤነኛ ሰው ቆዳ ሥር በማስገባት በሽታውን ማቅለል እንደሚቻል ለካህኑ ለኮተን ማዘር አስቀድሞ የነገረው ከአፍሪካ ተወስዶ በእርሱ ቤት በባርነት ይኖር የነበረ ኦኔሲመስ የተባለ ሰው ነበር። ኦኔሲመስ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን በሀገሩ በራሱ አካል ላይ ስለተደረገለት ነው። ሐኪሙ ዛብዲኤል ቦይልስተን ዘዴውን ሲሞክር ከተደረገላቸው ሰዎች የሞቱት ከመቶ 2 ገደማ ሲሆኑ፣ በሽታው በራሱ ከያዛቸው ግን ከመቶ 14 ገደማ ሞተዋል። ከተማው ምስጋናውን የገለጸው በማዘር ቤት ላይ ፈንጂ በመወርወር ነበር። ከሩቅ የመጣ፣ ማንም የማይሰማው፣ ግን ሕይወት የሚያድን ነገር የሚያውቅ ሰው ማለት ይህ ነው። ወደ ሌላ ዓለም የተጣለን ሰው ታሪክ መጻፍ የሚሻ ደራሲ ከኦኔሲመስ የተሻለ አብነት አያገኝም፤ ታሪኩም የሚነግረን ዕውቀቱ ወደ ሥራ የተለወጠው የሚሰማ አንድ ሰውና የሚደፍር አንድ ሐኪም በመገኘታቸው መሆኑን ነው።

የተጣለው ሰው ሊያድናቸው የሚችላቸው ሰዎች ካሉ ደግሞ በፔኒሲሊን አይመስለኝም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊን የሚወጣበትን ሻጋታ በ1928 አስተዋለው፤ በ1941 በኦክስፎርድ መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሰጠው ታማሚ መሻል ጀምሮ ሳለ፣ ከሽንቱ እንኳ ተጣርቶ ዳግም ቢሰጠው መድኃኒቱ አለቀና ሞተ። የሰለጠነ ቤተ ሙከራ እንዲህ ከተቸገረበት፣ በሻገተ ዳቦ ተአምር የሚሠራው ባለታሪክ ይቅርብን። ይልቁንስ ንጹሕ ውኃ፣ ጨውና ስኳር አለ። በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት በሸሹ ስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ሲገባና በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የጨውና የስኳር ውሕድ በአፍ እንዲሰጥ አደረገ፤ ከመቶ 30 ገደማ የነበረው የሟቾች ቁጥር ከ4 በታች ወረደ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ይኸው ነው። ይህን እናት ለልጇ ልታደርገው ትችላለች። ስኳር ብርቅ በሆነበት ዘመን ቀጭን የእህል አጥሚት ሊተካው ይችላል፤ አጥሚቱን እንዴት እንደሚያቀጥኑት የሚያውቁት ደግሞ የዘመኑ እናቶች ናቸው። መጤው የሚጨምረው ጨውንና «ቢያስመልሰውም ቶሎ ቶሎ ስጪው» የሚለውን ምክር ብቻ ነው።

በታሪክ ውስጥ በእርግጥ ተጥለው የቀሩ ሰዎች ያስተማሩንም ይህንኑ ነው። እንግሊዛዊው መርከበኛ ዊሊያም አዳምስ በ1600 በሆላንድ መርከብ ጃፓን ሲደርስ፣ ከመርከበኞቹ በሕይወት የተረፉት ጥቂቶች ሲሆኑ ከእነርሱም ቆሞ መሄድ የሚችለው በጣት የሚቆጠር ነበር። የጃፓን ኃያል መስፍን የነበረው ቶኩጋዋ ኢየያሱ ካስጠራውና ከመረመረው በኋላ በአውሮፓ ዓይነት መርከብ እንዲሠራለት አዘዘው፤ ሠራም። ሊሠራ የቻለው በልጅነቱ 12 ዓመት በመርከብ ሠሪ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ጥርሱን የነቀለበት ሥራ ስለነበረና የጃፓን አናጢዎች እጅ ስለታከለበት ነው። ርስትና ማዕረግ ተሰጠው፣ የጃፓንኛ ቋንቋ ተማረ፣ ለረጅም ጊዜም ወደ ሀገሩ መመለስ ተከለከለ፤ በ1620 እዚያው ሞተ። ሰውየው የተከበረው ከሌላ ዓለም በመምጣቱ ብቻ ሳይሆን የጌታውን ቋንቋና ልማድ በመማሩ ነው።

ከእርሱ የሚበልጥ ምሳሌ የሚሆኑኝ በ1511 መርከባቸው ተሰብሮ በዛሬዋ ሜክሲኮ ወደ ዩካታን ዳርቻ የተጣሉት ሁለት ስፔናውያን ናቸው። የአገሩ ሰዎች የሆኑት ማያዎች ሁለቱንም ባሪያ አደረጓቸው። ሜክሲኮን ሊወርር የመጣው ስፔናዊ የጦር አለቃ ኤርናን ኮርቴስ በ1519 ሲደርስ ሄሮኒሞ ዴ አጊላር ወደ ወገኖቹ ተመለሰ፤ ለኮርቴስ የጠቀመው ግን ከስፔን ይዞት በሄደው ዕውቀት ሳይሆን በስምንት ዓመት ውስጥ በተማረው የማያ ቋንቋ ነው። ጎንዛሎ ጌሬሮ ግን አልመለስም አለ። ሚስትና ልጆች ነበሩት፣ ፊቱ ተነቅሶ ጆሮው ተበስቶ ነበር፣ በጦር አለቅነትም የተከበረ ሰው ሆኖ ነበር፤ በኋላም ከማያዎች ጎን ተሰልፎ ከስፔናውያን ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ጌሬሮ ለማያዎች ባሩድም ብረትም አልሠራላቸውም። የሰጣቸው ስፔናዊ እንዴት እንደሚዋጋና ምን እንደሚፈራ ነው። ሰው ብቻውን፣ ያለ መሣሪያና ያለ ወገን ሲጣል፣ ከቀድሞው ዓለሙ ይዞት የሚቀረው ነገር ይህን የመሰለ ነው።

ስለዚህ የተከበሩት ተቺ እንዲህ ያለው ልብ ወለድ መሸሻ ነው ሲሉ፣ በስንፍና ስለተጻፈው ከሆነ እስማማለሁ። በትጋት የተጻፈው ግን መሸሻ ሊሆን አይችልም፤ አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ በኪሱ የያዘውን ስልክ ማን እንደሠራው፣ የሚጠጣውን ውኃ ማን እንዳጣራለት፣ የሚታመንበትን መድኃኒት ማን እንደቀመመለት ይጠይቃልና። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያስነሣ ድርሰት የወጣቶቻችንን አእምሮ ያሰንፋል የሚለውን ክስ አልቀበልም። በቶርኖ ቤት ካሠለጠንኋቸው ወጣቶች መካከል «ይህ ማሽን በምን ማሽን ተሠራ?» ብለው የጠየቁኝ ሁሉ ወደ ጥሩ ባለሙያነት ደርሰዋል።

ለሚጽፉልን ደግሞ የማሳስበው አለ። የተጣለው ሰው ሁልጊዜ መሐንዲስ ወይም ወታደር መሆኑ ለምንድን ነው? አዋላጅ ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ የምታስተምር መምህርት ወዴት ሄዱ? ጣልያናዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ እያንዳንዱ ግብይት በሁለት ወገን የሚመዘገብበትን የሁለትዮሽ ሒሳብ አያያዝ በ1494 አሳትሞ ለነጋዴዎች አስፋፋው፤ ከዚያ መቶ ዓመት ቀድሞ ወደ አንድ የንግድ ከተማ የተጣለ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ዘዴው በጣልያን ነጋዴዎች እጅ ገና በአፍላነቱ ላይ ሆኖ ሲያገኘው፣ ከእነርሱ የሚማረውና ለእነርሱ የሚጨምረው ምን እንደሆነ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል። ቋንቋም ይታሰብበት፤ ከ600 ዓመት በፊት ይነገር የነበረውን ቋንቋ ባለታሪኩ በመጀመሪያው ቀን እንደ አፍ መፍቻው እየተናገረ ሲገበያይ ማንበብ ታሪኩን ገና ከጅምሩ ያፈርሰዋል።

ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ይህን ነው። የሥነ ጽሑፍ ገጽዎ ለእንዲህ ያሉ ድርሰቶች፣ በተከታታይ ክፍል የሚወጡም ቢሆኑ፣ ቦታ ይስጥ። ከመታተማቸው በፊት ግን ስለ ብረት የተጻፈውን ብረት ሠሪ፣ ስለ ወሊድ የተጻፈውን አዋላጅ፣ ስለ ዘመኑ የተጻፈውን ያንን ዘመን ያጠና የታሪክ ሰው እንዲያነበው ይደረግ። በእኔ በኩል ቶርኖ፣ ብሎን ወይም ሲሊንደር የሚነሣበት ድርሰት ወደ ዝግጅት ክፍልዎ ሲደርስ ያለ ምንም ክፍያ አንብቤ አስተያየቴን በጽሑፍ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጋዜጣዎ የረጅም ጊዜ አንባቢ